የመስኮት ነጭ የውሃ እድፍ፦ አቼቶ፣ የሎሚ ጨው፣ ምላጭ ወይስ አሲድ?

መስታወቱን አጥባችሁ፣ ወልውላችሁ፣ በጋዜጣ አሽታችሁ ሲደርቅ ያው ነጭ ነጠብጣብ ተመልሶ ከታያችሁ፣ ያ ቆሻሻ አይደለም። ውሃው ጥሎት የሄደ ድንጋይ ነው። በሳሙና አይለቅም። በኦሞ አይለቅም። በረኪናማ ጭራሽ አይነካውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥቱ ያልቅና የድስት ሽቦ ያነሳል፣ ወይም ሽንት ቤት የሚታጠብበትን አሲድ ያመጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጉዳት ግን ከእድፉ የባሰ ነው፤ እድፍ ይለቃል፣ የተጫረ መስታወት አይመለስም።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር። ለአብዛኛው ቤት የሚበቃው የሎሚ ጨው፣ ማለትም ሲትሪክ አሲድ የሚባለው ዱቄት ነው፤ እሱ ካልተገኘ አቼቶ። ሌላው ሁሉ የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ እምቢ ሲሉ ነው። ከምትመርጡት ነገር በላይ ደግሞ ውጤቱን የሚወስነው ጊዜ ነው፤ ደካማ አሲድ ግማሽ ሰዓት ረጥቦ ከቆየ፣ ጉልበት ጨምሮ ከመፈግፈግ በብዙ ይሻላል።

መጀመሪያ እድፉን እወቁት

ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሟሙቶበት ይመጣል። መስታወት ላይ ጠብ ብሎ ሲደርቅ ውሃው ይተናል፣ የሟሟው ነገር ግን ይቀራል። ስለዚህ መስኮታችሁ ላይ ያለው ነጭ ነገር በአመዛኙ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ማለትም ራሱ የኖራ ድንጋይ፣ በጣም ስስ ሆኖ የተጋገረ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውም እሱ ነው።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ማንም አያስረዳውም፤ ቧንቧው ሲደፈን፣ ሻወሩ ቀዳዳው ሲዘጋ እያየ ነው የኖረው። መቀሌም እንደዚሁ። ሁለቱም ከተሞች አጠገብ የሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው ዙሪያቸው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ነው፤ የጉድጓድ ውሃቸውም የሚወጣው ከዚያው ድንጋይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰፈር ከሰፈር ይለያያል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ቀለል ያለ ነው፣ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመጣው ግን ማዕድን ይበዛዋል። የግል ጉድጓድ ያለው ግቢ ደግሞ የራሱን ውሃ ራሱ ማየት አለበት። ማንቆርቆሪያውን ክፈቱና ውስጡን እዩ፤ ነጭ ከያዘ መስኮታችሁም መያዙ አይቀርም።

ምን እንደምትጠቀሙ ከመምረጣችሁ በፊት ትንሽ ሙከራ አድርጉ። እድፉ ላይ አንድ ጠብታ አቼቶ ጣሉና ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጥቃቅን አረፋ ከታየ ካርቦኔት ነው፣ በአሲድ ይለቃል፣ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ንብርብሩ በጣም ስስ ከሆነ አረፋው ላይታይ ይችላል፤ ያኔ አሥር ደቂቃ ረጥቦ ይቆይና በጥፍራችሁ ሞክሩት። ሻካራ ሆኖ ጥፍር የሚይዝ ከሆነና አቼቶው ምንም ካልነካው ጀሶ ሊሆን ይችላል፤ በመቀሌ አካባቢ ድንጋዩ ጀሶ ስላለበት ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ጀሶ ደግሞ ለአቼቶ አይበገርም። ጥፍር ለስልስ ብሎ እያለፈ ዓይን ግን ደመና ካየ፣ ያ ሦስተኛው ዓይነት ነው። መስታወቱ ራሱ ተበልቷል። እሱ ላይ አሲድ ማፍሰስ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው፣ ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉም ዘዴ በፊት አድርጉ፦ አቧራውን በብዙ ውሃና በጥቂት ላርጎ እጠቡት። በበጋ የሚነሳው አቧራ ውስጥ የአሸዋ ብናኝ አለ። አሸዋ ከመስታወት ይጠነክራል። ብዙ ጊዜ መስታወት የሚጫረው በጨርቁ ወይም በምላጩ ሳይሆን በመሃል በገባው አሸዋ ነው። በደረቁ የሚያሽ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

አቼቶ

ጥሩ ጎኑ የትም መገኘቱ ነው። ሱቅ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ አሲድ ነው፣ ይህ ማለት በውሃ ሳይቀጠን እንዳለ ነው መጠቀም ያለባችሁ። አንዳንዱ ግማሽ በግማሽ በውሃ ይበጠብጠዋል፤ ለዕለታዊ ውልወላ ይሆናል፣ ለቆየ እድፍ ግን አይበቃም።

ችግሩ መስኮት ቆሞ የሚታጠብ ነገር መሆኑ ነው። በስፕሬይ ትረጩታላችሁ፣ ወርዶ ያልቃል፣ የቀረውም በሁለት ደቂቃ ይደርቃል። ከዚያ «አቼቶ አይሠራም» ይባላል። አቼቶው የሚሠራበት ጊዜ ነው ያጣው እንጂ ይሠራል። ዘዴው እንዲህ ነው። ሶፍት ወይም አሮጌ ነጭ ጨርቅ አቼቶ ውስጥ ንከሩና መስታወቱ ላይ ለጥፉት፤ ረጥቦ ስለሚጣበቅ ራሱ ይይዛል። በላዩ ላይ የተቀደደ ፌስታል አልብሱት፣ እንዳይደርቅ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ተዉት። ሲነሳ የእድፉ ጠርዝ መጀመሪያ ሲለሰልስ ታያላችሁ፣ እንደ እርጥብ ኖራ ይሆንና በጣት ሲነካ ይንሸራተታል። መሃሉ ላይ ወፍራም ከቀረ ጨርቁን እንደገና ነክራችሁ ድገሙት። ፈግፍጋችሁ ለመጨረስ አትቸኩሉ።

አቼቶውን ለብ ማድረግ ሥራውን ያፋጥነዋል። ለብ ማለቴ ነው፣ የፈላ አይደለም። ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ የፈላ ነገር መስታወት ላይ ማፍሰስ መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሽታው አንዳንድ ሰው ያስቸግራል፣ መስኮቱ ተከፍቶ ሲደርቅ ግን ይጠፋል። ማለቅለቅም ቀላል ነው፤ አቼቶ ተኖ ስለሚሄድ የሚጣበቅ ነገር አይተውም። ለስስ እድፍና በየወሩ ለሚደረግ እንክብካቤ ከዚህ የተሻለ የለም።

የሎሚ ጨው

ሲትሪክ አሲድ ማለት ነው፣ ዱቄቱ። እስራኤል ያላችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ፤ የዚያ አገር የከርሰ ምድር ውሃም ከኖራ ድንጋይ ተራሮች ስለሚመጣ «አቫኒት» የሚባለውን የማንቆርቆሪያ ድንጋይ ለማስለቀቅ ብዙ ቤት «መላሕ ሊሞን» ያስቀምጣል። ዓረብ አገር የኖሩም በቅመም ቤት ገዝተውት ያውቃሉ። እዚህ ደግሞ የምግብና የኬክ ግብዓት ከሚሸጡ ሱቆች ወይም ኬሚካል ከሚሸጡበት ጠይቁ።

ከአቼቶ የማስቀድመው በሦስት ነገር ነው። አይሸትም። እንደ እድፉ ማወፈር ወይም ማቅጠን ይቻላል። ዝገት ላይም ይሻላል። አሮጌ የብረት መስኮት ያለው ቤት ነጩን ብቻ ሳይሆን ቡናማ የዝገት ጅረትም አለበት፤ የሎሚ ጨው ብረቱን ስለሚይዘው ሁለቱን አንድ ላይ ያስለቅቃል፣ አቼቶ ግን ዝገቱ ላይ ይደክማል።

ልኩ ይህ ነው፦ ለግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለስስ እድፍ፣ ሦስት ለወፍራም። አንድ ሁለት ጠብታ ላርጎ ብትጨምሩበት መስታወቱ ላይ በደንብ ይዘረጋል። አጠቃቀሙ እንደ አቼቶው ነው፣ በጨርቅና በፌስታል።

አንድ ጥንቃቄ አለው። መስታወቱ ላይ እንዲደርቅ አትተዉት። ሲደርቅ ራሱ የሚጣበቅና የሚያነጣ ነገር ይሆናል፣ በተለይ ከለቀቀው ካልሲየም ጋር ሲዋሃድ በቀላሉ የማይሟሟ ነጭ ዱቄት ይሠራል። አንዳንዱ ሰው ይህን አይቶ እድፉ ያልለቀቀ ይመስለውና ይጨምርበታል። በብዙ ውሃ አለቅልቃችሁ ወዲያው አድርቁት፣ ያኔ ችግር የለም።

የእኛ ሎሚስ? ይሠራል፣ ጭማቂው ውስጥ ያለው ያው አሲድ ነው። ለሁለት ተገምሶ የሻወር ጫፍ ወይም የቧንቧ አንገት ላይ ማሸት ጥሩ ነው። ለሙሉ መስኮት ግን ብዙ ሎሚ ይፈጃል፣ ፍሬው ይንጠባጠባል፣ ስኳሩም ይጣበቃል። ሎሚው ለምግብ ይሁን።

ቤኪንግ ሶዳ

ስለዚህ አጭር ልሁን። ሶዳ ለብቻው ይህን እድፍ አያሟሟም። ለስላሳ መፈግፈጊያ ነው፣ መስታወት አይጭርም፣ በአሲድ ከለሰለሰ በኋላ የቀረውን ቅሪት ለማንሳት በእርጥብ ስፖንጅ ማሸት ይቻላል። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ሶዳና አቼቶ ቀላቅሎ አረፋ ማስነሳት ግን ዓይን ያስደስታል እንጂ ጥቅሙ ይጠፋል። አረፋው የሚነሳው ሁለቱ እርስ በርስ ሲጨራረሱ ነው፤ አሲዱ ሶዳው ላይ አልቆ ለእድፉ የሚተርፍ የለም። መጀመሪያ አሲዱ ይሥራ፣ ይታጠብ፣ ከዚያ ሶዳ።

ምላጭ

ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ግን በትክክል ከተያዘ ለአንዳንድ እድፍ ብቸኛው መፍትሔ ነው። አዲስ የገባችሁበት ኮንዶሚኒየም መስኮት ላይ የሲሚንቶና የቀለም ጠብታ ካለ፣ ወይም ያ በአቼቶ እምቢ ያለው ጀሶ ከሆነ፣ ምላጭ ነው የሚያነሳው።

አዲስ ምላጭ ይሁን፣ እጀታ ያለው ቢሆን ይመረጣል። መስታወቱ በሳሙና ውሃ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ምላጩን ጋደም አድርጋችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ግፉ፣ ከዚያ አንስታችሁ እንደገና ከመጀመሪያው። ወደ ኋላ አትጎትቱት። ሲመለስ ከሥሩ የገባ አሸዋ ይጎትታል፣ ጭረቱ የሚመጣው ያኔ ነው።

የማይነካባቸው መስታወቶች አሉ። ቴምፐርድ የሚባለው፣ የሻወር በርና ትልልቅ የመስታወት በሮች የሚሠሩበት፣ ሲመረት ላዩ ላይ የሚቀሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ስላሉ በምላጭ ሊጫር ይችላል። ፊልም የተለጠፈበትም አይነካም። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቀውም እንዲሁ፤ ሽፋኑ ከተጫረ አይመለስም፣ ሽፋኑም በውጭ በኩል ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ የሎሚ ጨውና ለስላሳ ጨርቅ፣ መጀመሪያ ጥግ ላይ ተሞክሮ።

የድስት ሽቦ? አይሆንም። አንዳንዱ መስታወት ይችለው ይሆናል፣ ግን በአንድ እጅ ማሸት የሚገኘው ትርፍ ያንን አደጋ አያዋጣም።

አሲዱ

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር መጣሁ። የሽንት ቤትና የሴራሚክ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው አሲድ አብዛኛውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። እድፉን ያስለቅቃል ወይ? በደቂቃ ውስጥ። መስታወቱንም አይጎዳውም። ታዲያ ምን ችግር አለ ከተባለ፣ መስኮት መስታወት ብቻ አይደለም።

የአሉሚኒየም ፍሬም ላይ ሲደርስ ሽፋኑን በልቶ ያጠቁረዋል ወይም ያነጣዋል። የመስኮቱ ደፍ እብነበረድ ወይም ቴራዞ ከሆነ፣ እብነበረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲዱ ከእድፉ ለይቶ አያውቀውም፤ ወዝ የነበረው ድንጋይ ሻካራ ይሆናል። የአሮጌ ቤት የብረት መስኮት ከሆነ ደግሞ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ የሚሠራው ከኖራ ዱቄትና ከዘይት ነው፣ እሱም ይበላል፣ ከጊዜ በኋላ መስታወቱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። የውጪ ግድግዳው ሲሚንቶም አይተርፍም። አቼቶና የሎሚ ጨውም እብነበረድና ስቱኮ ላይ ቢቆዩ ያበላሻሉ፣ ግን ቀስ ብለው ነው፣ ለመጥረግ ጊዜ ይሰጣሉ። ለማንኛውም ደፉ ላይ ፌስታል አንጥፉና በላዩ ደረቅ ፎጣ አድርጉ፣ የሚወርደውን ይጠጣዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ሰው አለ። አሲድ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ ይጎዳል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ይገድላል። ይህ ለጠንካራው አሲድ ብቻ አይደለም፣ አቼቶም የሎሚ ጨውም ከበረኪና ጋር ያንኑ ያደርጋሉ። የሻወር ቤት መስኮት ስናጸዳ ወለሉ ላይ በረኪና ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ በሩ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ማንም ሳያስበው ነው። በብዙ ቤት ደግሞ ይህን ሥራ የምትሠራው ሠራተኛዋ ናት፣ ምናልባት የጠርሙሱ ጽሑፍ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው። ስለዚህ ንገሯት። «ሁለቱን እንዳታገናኚ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ» ማለት አንድ ደቂቃ አይወስድም። ጓንቱንም ግዙላት። አንድ ቀን በረኪና የዋለበትን ቦታ በሌላ ቀን ብቻ በአሲድ አጽዱ፣ በመሃል በብዙ ውሃ ታጥቦ።

የእኔ አቋም፦ ለቤት መስኮት ይህን አሲድ አትጠቀሙ። የሎሚ ጨው ወፈር ተደርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደገም የማያስለቅቀው የኖራ እድፍ ብርቅ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ሰዓት ተጨማሪ ነው።

የተበላ መስታወት

ውሃ በተደጋጋሚ እየነካው እየደረቀ ለዓመታት የቆየ መስታወት ላዩ ይሸረሸራል። ከሲሚንቶ ግድግዳ ላይ እየታጠበ የሚወርድ ውሃ ይህን ያፋጥነዋል፣ ምክንያቱም አልካሊ ነው። እድፉ ከለቀቀ በኋላም ደመናው ካልጠፋ ይህ ደርሷል ማለት ነው።

ያሉት መንገዶች ሁለት ናቸው። በሴሪየም ኦክሳይድ ዱቄት በማሽን ማወልወል አንዱ ነው፤ ላዩን በስሱ እየላገ ያጠራዋል፣ ግን ሰፊ መስኮት ላይ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ እጅ ያልለመደ ሰው ከሠራው ደግሞ መስታወቱ ይወላገዳል፣ በእሱ ውስጥ የሚታየው ነገር ሁሉ ይጣመማል። ለመኪና መስታወት ወይም ለውድ የሻወር በር ሊያዋጣ ይችላል። ለተራ ባለ 4 ሚሊ የመኖሪያ ቤት መስኮት ግን መቀየር ይሻላል። ልኩን ስትወስዱ ከፍሬሙ የውስጥ ልክ ላይ በቁመትም በወርድም ሁለት ሦስት ሚሊ አስቀንሱ፣ ሙቀት ሲለጥጠው እንዳይጨናነቅና እንዳይሰነጠቅ።

ፍሎራይድ ያለበትን ማጽጃ ተጠቅሜ ደመናውን አጠፋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ አትቀበሉት። መስታወት የሚበላ አሲድ ነው፣ በቆዳ ገብቶ እስከ አጥንት የሚጎዳ ነው።

ስለዚህ የትኛውን?

ሰሞኑን የመጣ፣ ስስ፣ ሲረጥብ የሚጠፋ ሲደርቅ የሚመለስ ነጠብጣብ ከሆነ አቼቶ። ከሮቶ ሥር ያለው መስኮት፣ ሮቶው እየሞላ ሲፈስ ጅረት የሠራበት፣ ወይም ዝገት የተቀላቀለበት ከሆነ የሎሚ ጨው፣ ወፈር ተደርጎ፣ ተደጋግሞ። ሲሚንቶ፣ ቀለም ወይም ጀሶ ከሆነ ምላጭ፣ መስታወቱ ተራ መሆኑ ተረጋግጦ። የሻወር በር ከሆነ የሎሚ ጨው ብቻ። ተከራይ ከሆናችሁና የመስታወቱን ዓይነት የማታውቁ ከሆነም እንዲሁ፤ ካበላሻችሁ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ካጸዳችሁ በኋላ ምንጩን እዩ። የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ካልዘጋ ይቀየር፣ የሚፈሰው ውሃ ወደ መስኮት ሳይሆን ወደ ቱቦ ይሂድ። አትክልት ስታጠጡ ጎማውን ከመስኮቱ አርቁ። መስኮት በጠራራ ፀሐይ አትጠቡ፣ ሳትወለውሉት ይደርቃል፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን። የመስታወት መጥረጊያ ጎማ ይኑራችሁ፣ ከላይ ወደ ታች አንዴ አውርዱት፣ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ። ውሃው መስታወቱ ላይ ሳይደርቅ ከተነሳ የሚቀር ድንጋይ የለም።

ክረምት ላይ ደግሞ አንድ ባልዲ የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ። ጣራው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ የሚወርደውን። የዝናብ ውሃ ካልሲየም ስለሌለው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ከቧንቧ ውሃ በጣም ይሻላል፤ ድሬዳዋና መቀሌ ላላችሁ በተለይ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ክዳን ባለው ጀሪካን ውስጥ ከተቀመጠ ወባ ትንኝ አይራባበትም፣ ለበጋውም ይቆያል።